መድኀኒት ተሸካሚው ደም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ኦሞራቴ

የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግታችሁ የኦሞን ወንዝ ከምንጩ ጀምራችሁ በጣታችሁ ብትከተሉት፥ ወንዙ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ኦሞራቴ የምትባለውን ከተማ ታገኛላችሁ። ኦሞራቴ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች ሕዝብ አገር ናት። ለኬንያ ወሰን ቅርብ በመሆኗም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በጂንካ በኩል ለሚወርድ የመንግሥት ሠራተኛ የመንገዱ መጨረሻ ናት ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ምድሩ ቆላ፥ ፀሓዩ ብርቱ ነው፤ የሕዝቡም ኑሮ በከብትና በወንዝ ዳር እርሻ የቆመ ነው።

በዚሁ በታችኛው የኦሞ ሸለቆ የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ከጥንት የወረሱት አንድ ልማድ አለ። ከብቱን ሳያርዱ አንገቱን በጠፍር ጠበቅ አድርገው ያስሩና የደም ሥሩን በትንሽ ቀስት ወግተው ጥቂት ደም ይቀዳሉ። ደሙንም ብቻውን ወይም ከወተት ጋር ቀላቅለው ይጠጡታል። ከብቱም ጠፍሩ ተፈትቶለት ወደ መንጋው ይመለሳል፤ ከጊዜ በኋላም የጎደለው ደም ይተካለታል። ይህን ልማድ የሩቅ አገር ሰው ባየው ጊዜ ሊደነቅበት ይችላል። ሆኖም ልብ ብሎ ለተመለከተው በውስጡ ታላቅ ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም ደም ሳይገድሉ የሚቀዱት፥ ተመልሶ የሚተካ፥ ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው በረከት የሚያሻግር ሀብት መሆኑ ነው።

የዛሬው ንግግራችንም ይህንኑ ቁም ነገር የሚከተል ነው። በዘመናችን የሕክምና ሊቃውንት የደምን ሕዋሳት እንደ ተላላኪ አድርገው መድኀኒት የሆነ ፕሮቲን ሊያሸክሙአቸውና የሰውነትን መቆጣት እንዲያበርዱ ሊልኩአቸው በመጣር ላይ ናቸው። ይህ ሐሳብ በአንድ ቀን አልተወለደም። ከዘር ሐረጉ አንዱ ክፍል ደግሞ በኛው አገር፥ በአዲስ አበባ፥ በድኻ በሽተኞች አልጋ አጠገብ የተጻፈ ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ለአንባቢው የሚጠቅመው ለመኵራራት ብቻ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ስላለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሰውነት መቆጣት፥ ወይም ብግነት፥ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እሾህ የወጋውን ጣት ያየ ሰው ምልክቶቹን ያውቃቸዋል፤ ጣቱ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይሞቃል፥ ይጠዘጥዛል። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ እነዚህን አራት ምልክቶች በመጽሐፉ ዘርዝሮአቸዋል። መቆጣት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ የገባውን ጠላት ለማስወጣት ሰውነት የሚያስነሣው ዘበኛ ነው። ነገር ግን ዘበኛው ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ትኋን ለማጥፋት ብሎ ቤቱን እንዳቃጠለ ሰው የራሱን ጌታ ይጎዳል። ዘበኛውን ከሚቀሰቅሱት ደወሎች አንዱ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣ ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ይህን ስም ያገኘው በ1975 በኒው ዮርክ ከተማ በሚሠሩ ተመራማሪዎች ነው። ደወሉ በልኩ ቢደወል ሰውነትን ያድናል፤ ያለ ልክ ቢደወል ግን ትኩሳቱ ይነድዳል፥ የደም ግፊት ይወርዳል፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍስ ያልፋል።

ይህን ቁጣ በደም አማካይነት ለማብረድ የተደረገው ጉዞ ረጅም ነው። በ1667 ዣን ባቲስት ዴኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ የበግ ጠቦት ደም ወስዶ ለአንድ ታማሚ ወጣት ሰጠ። ወጣቱ ተረፈ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከታከሙት መካከል የሞተ በመኖሩ ነገሩ ወደ ዳኛ ደርሶ ደም የመስጠት ሥራ በፈረንሳይ አገር ታገደ። ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ፥ በ1890፥ ጀርመናዊው ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ በበርሊን አንድ ታላቅ ነገር አሳዩ፤ በሽታን ተቋቁሞ ከዳነ እንስሳ ደም የተለየው ፈሳሽ ለሌላው እንስሳ ቢሰጠው እርሱንም ከዚያ በሽታ ይጠብቀዋል። ዛሬ ፀረ አካል የምንላቸው ፕሮቲኖች ሥራቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1901 ደግሞ ካርል ላንድሽታይነር በቪየና የሰው ደም በዓይነት የተከፋፈለ መሆኑን አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ወደ ሰው ደም መስጠት በሥርዐት የሚሠራ ሕክምና ለመሆን በቃ። በኢትዮጵያም በ1935 የተቋቋመው የቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 የደም ባንክ ከፈተ።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንግባ። በአማርኛ የሚያገረሽ ትኩሳት ወይም ግርሻ የሚባለውን በሽታ ከአንባብያን መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው። በሽታው ለጥቂት ቀናት በብርቱ ትኩሳት ያንገላታል፤ ከዚያ ተወኝ ሲሉት ተመልሶ ያገረሻል። መንሥኤው እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ጥቃቅን ተሕዋስያን መሆኑን ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1868 በበርሊን በበሽተኞች ደም ውስጥ ተመለከተ። ከሰው ወደ ሰው የሚያጋባው የልብስ ቅማል ነው፤ ሰውየው ሲያክክ ቅማሉ ይፈጭና በውስጡ ያለው ተሕዋስ በተጫረው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ በሽታው የሚከተለው መጨናነቅን፥ ብርድን፥ የልብስ ለውጥ ማጣትን፥ እስር ቤትንና የጦርነት ካምፕን ነው። በቀድሞ ዘመን ዓለምን ሁሉ ያስጨነቀ ነበር፤ ንጽሕናና ኑሮ በተሻሻለበት አገር ሁሉ ግን እየጠፋ ሄዶ ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ ሆና ቀረች። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በመታየቱ የዚያ አገር ሐኪሞች የረሱትን በሽታ እንደ ገና ለመማር ተገድደዋል።

የዚህ በሽታ ሕክምና ቀላል ይመስላል፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ተሕዋሱን ይገድለዋል። የሚያስፈራው ግን ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል እንዳለፈ በሽተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፥ ሙቀቱ ካለበት ይልቅ ይወጣል፥ ልቡ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም ላብ አጥምቆት የደም ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዱም በዚሁ ያርፋል። አጠገቡ የቆመ ዘመድ መርፌው ገደለው ብሎ ቢያስብ ሊፈረድበት አይገባም። ተመሳሳይ ነገር ቂጥኝ በሜርኩሪ ሲታከም የተመለከቱት፥ በ1895 ኦስትሪያዊው ያሪሽ፥ በ1902 ደግሞ የፍራንክፈርቱ ሄርክስሃይመር ስለ ነበሩ ሁኔታው በሁለቱ ስም ተጠርቶ ቀረ። ስም ማውጣት ግን ምክንያቱን ማወቅ አይደለም።

ምክንያቱን ለማወቅ በተደረገው ጥናት አዲስ አበባ ትልቅ ድርሻ አላት። በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት ብራይሰን፥ ፓሪ፥ ፔሪን፥ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የታከሙ 62 በሽተኞችን በጥንቃቄ ተከታትለው በ1970 ሰፊ ጽሑፍ አሳተሙ። በ1992 ደግሞ ከኢትዮጵያውያን በሽተኞች ደም በየሰዓቱ እየተወሰደ በተደረገ ምርመራ፥ መንቀጥቀጡ በሚጀምርበት ሰዓት ቲ.ኤን.ኤፍ. እና መሰሎቹ የሆኑ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ በብዙ እንደሚጨምሩ ታወቀ። እንግዲህ ሕይወትን የሚያሰጋው መርፌው አልነበረም፤ ተሕዋሱ ሲሞት ሰውነት ያለ ልክ የሚደውለው ደወል ነበር።

ደወሉን መያዝ ይቻል ይሆን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የአዲስ አበባው ሐኪም ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ፥ ዋረልና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ውጤቱ በ1996 የታተመውን ጥናት አደረጉ። ቲ.ኤን.ኤፍን የሚይዝ ፀረ አካል ከበጎች ደም ተዘጋጀ፤ ከፀረ አካሉም ጠላቱን የሚጨብጠው ክፍል ብቻ ተለይቶ ተወሰደ። በበሽታው መያዛቸው የተረጋገጠ 49 በሽተኞች በዕጣ ተከፈሉ። 20ዎቹ ፔኒሲሊኑ ከመሰጠቱ 30 ደቂቃ አስቀድሞ ይህ ፕሮቲን ተሰጣቸው፤ 29ኙ መድኀኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሐኪሞቹም በሽተኞቹም አያውቁም ነበር። ውጤቱም ይህ ሆነ። ፕሮቲኑን ካልወሰዱት 29 ሰዎች 26ቱ ያን ክፉ መንቀጥቀጥ ቀመሱ፤ ከወሰዱት 20 ሰዎች ግን 10 ብቻ። የሙቀታቸው ጭማሪ በአማካይ በአንዱ ወገን 1.5፥ በሌላው ወገን 0.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ የልባቸውም ምት በደቂቃ በአንዱ ወገን በ31፥ በሌላው በ13 ጨመረ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። በ1667 የበግ ደም ለሰው መስጠት ጭፍን ድፍረት ነበር። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ከበግ ደም የተለየ አንድ ፕሮቲን በሚዛን ተለክቶ፥ በሰዓት ተወስኖ፥ ውጤቱም በቁጥር ተመዝኖ ተሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሳይንስ ታሪክ ራሱ ነው። በዚያው ዘመን በለንደን ፌልድማንና ማይኒ የተባሉ ሊቃውንት ይህንኑ ቲ.ኤን.ኤፍ. በመግታት የመገጣጠሚያን ብግነት ያክሙ ነበር፤ በ1998ም የመጀመሪያዎቹ ቲ.ኤን.ኤፍን የሚገቱ መድኀኒቶች በአሜሪካ ተፈቅደው ለገበያ ዋሉ። ዛሬ እነዚህ መድኀኒቶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ ያገለግላሉ። በአዲስ አበባ አልጋ ላይ የተኙት 49 ሰዎች ግን ስማቸው በየትኛውም መጽሔት አልተጻፈም።

ይሁን እንጂ ፕሮቲን የሆነ መድኀኒት ሁሉ አንድ ችግር አለበት። ሰውነት እንደ እንግዳ ቆጥሮ ያስወግደዋል፥ ወይም እንደ ራሱ ፕሮቲን አድርጎ ያፈርሰዋል። ከበግ የተወሰደው ቁራጭ ፀረ አካል በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ለጥቂት ሰዓታት ለሚቆይ መንቀጥቀጥ ይህ ይበቃል። ብግነቱ ለዓመታት የሚኖርበት ሰው ግን መርፌውን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ ከመድኀኒቶቹ መካከል በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ አለ። መድኀኒቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ስለዚህ ሊቃውንቱ፥ ይህን ፕሮቲን ሳይጎዳ ለረጅም ጊዜ የሚሸከምልን ማን ነው? ብለው ጠየቁ። መልሱም እዚያው ደም ውስጥ ተገኘ።

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል የሚኖር፥ ከልብ እስከ ጣት ጫፍ የሚዘዋወር፥ ሰውነትም የራሱ አድርጎ የሚያውቀው ተሸካሚ ነው። በ1973 ኢህለር፥ ግሉና ሽኑር የተባሉ አሜሪካውያን ቀይ ሕዋሳትን ጨዉ በቀነሰ ውሃ ውስጥ ቢያኖሩአቸው ሽፋናቸው ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት፥ በዚያም ፕሮቲን አስገብቶ መልሶ መዝጋት እንደሚቻል አሳዩ። በኢጣልያ ደግሞ ሐኪሞች ከበሽተኛው ደም ቀድተው፥ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ብግነት አብራጅ መድኀኒት በቀይ ሕዋሳቱ ውስጥ ጨምረው ለባለቤቱ መልሰው ሰጡት፤ ይህም የሳንባና የአንጀት ብግነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። ዴክሳሜታዞን ፕሮቲን ባይሆንም የጭነቱን መንገድ ያሳየ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ ሕዋሱን መጫን ብቻ ሳይሆን ገና ሲፈጠር ጀምሮ መድኀኒቱን ይዞ እንዲወለድ ማድረግ ነው። ደም የሚወለድባቸው እናት ሕዋሳት ይወሰዱና የተፈለገውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል ይጨመርባቸዋል። ሕዋሱ አድጎ ቀይ የደም ሕዋስ በሚሆንበት ጊዜ እንደ ተፈጥሮው አስኳሉን አውጥቶ ይጥላል። የተጨመረውም ዘረ መል አብሮ ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በሕዋሱ ሽፋን ላይ እንደ ባንዲራ ተተክሎ ይቀራል። በ2014 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ሎዲሽ፥ ፕሉና ባልደረቦቻቸው ይህ እንደሚሠራ አሳዩ። በ2017ም ከግመል ዘመዶች የተገኘ ጥቃቅን ፀረ አካል የተሸከሙ ቀይ ሕዋሳት አይጦችን ከቦቱሊዝም መርዝ ለሳምንታት እንደ ጠበቁአቸው ተገለጠ።

ስለ ግመል ከተነሣ፥ ለአርብቶ አደር አገር ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር ልንገራችሁ። የግመል ደም ከሌሎች እንስሳት የተለየ፥ ትንሽና ቀላል ፀረ አካል ያለበት መሆኑን በ1993 በብራስልስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዓለም አስታወቁ። በ2022 ከዚሁ ዓይነት ፀረ አካል የተሠራና ቲ.ኤን.ኤፍን የሚገታ መድኀኒት ለመገጣጠሚያ ብግነት በጃፓን ተፈቅዶአል። በጉም ግመሉም ለሰው ፈውስ ደማቸውን ያዋጡ መሆናቸውን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ግን የአንባቢውን ተስፋ ያለ ልክ ማስረዘም አይገባም። ፕሮቲን ይዘው የሚወለዱ ቀይ ሕዋሳት ገና በሐኪም ትእዛዝ የሚገኙ መድኀኒት አልሆኑም። ሐሳቡን ወደ ሕክምና ለመለወጥ በ2013 የተቋቋመው ሩቢየስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሙከራውን በሰው ላይ ቢጀምርም የታሰበውን ያህል ስላልተሳካለት በ2022 ሠራተኞቹን አሰናብቶ በማግሥቱ ዓመት ወደ መፍረስ ሄደ። በሌላ መንገድ የሄዱት ተስፋ አሳይተዋል፤ በ2021 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች የአንዲት ወጣት በሽተኛን ነጭ የደም ሕዋሳት ወስደው፥ ዘረ መላቸውን ለውጠው፥ ሉፐስ የተባለውን ከባድ የመቆጣት በሽታ እንዲያስታግሱላት አድርገዋል። እነዚያ ሕዋሳት መድኀኒት ተሸካሚ ሳይሆኑ ራሳቸው ወታደር ናቸው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት የደም ሕዋስ ተሠርቶ ለፈውስ ሊላክ ይችላል በሚለው ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ኦሞራቴ እንመለስ። አንድ መድኀኒት በቦስተን ወይም በኤርላንገን ተሠራ ማለት ለዳሰነች እናት ደረሰላት ማለት አይደለም። ሕክምናው ወደ እርስዋ እስኪደርስ ድረስ ለእርስዋ ነገሩ፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ እንደሚባለው ነው። በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መርፌ የሚያስፈልገው በሽተኛ፥ መንጋውን ተከትሎ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ የሚሄድ ሰው ከሆነ፥ መርፌውን የት ይጠብቀዋል? አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለወራት የሚያገለግል የደም ሕዋስ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው። ነገር ግን ሕዋሱም ራሱ ደም ነውና ያለ ቅዝቃዜ አይኖርም። ዛሬ በደም ባንክ የሚጠበቀው ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። መብራት የማይቋረጥበት ማቀዝቀዣ፥ የደም ዓይነት የሚለይበት ላቦራቶሪ፥ የሠለጠነ እጅ፥ ክረምት የማይበጥሰው መንገድ፤ እነዚህ ሳይቀድሙ ረቂቁ ሕክምና ሊከተል አይችልም።

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አንባብያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ ያላችሁ ስለዚህ ነው። የማቀዝቀዣ መግዣ በጀት የሚጻፈው፥ የጤና ሠራተኛው ዝውውር የሚፈረመው፥ የመንገዱ ጥገና ደብዳቤ የሚመራው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ፋይል በመሳቢያ ውስጥ ሲያድር የሚዘገየው ወረቀቱ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ከዚህም በላይ የሚያገረሽ ትኩሳትን ለማጥፋት ረቂቅ ጥበብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሳሙና፥ የፈላ ውሃ፥ ቅያሪ ልብስና ያልተጨናነቀ ማደሪያ ይበቁታል። ያን የመሰለ ጥናት በከተማችን ሊደረግ የቻለውም እነዚህን ያጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ከሥቃያቸው ዓለም ተማረ፤ በእነርሱ ደረጃ ያሉት ሰዎች ግን ዛሬም ለቅማል የተጋለጡ ናቸው። ያልተከፈለው ዕዳ ያልነው ይህ ነው።

የዕዳው አከፋፈል ደግሞ ከእያንዳንዳችን ክንድ ይጀምራል። የደም ባንኩ ሥራ በ2012 ከቀይ መስቀል ማኅበር ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ፥ ደም ከዘመድ ተለምኖ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ በፈቃደኞች ልግስና እንዲቆም ብዙ ተደክሞአል። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም ቢሰጥ የሚጎድልበት የለም፤ ሰውነቱ መልሶ ይተካለታል። ይህም የዛሬዋን ወላድና የዛሬውን ቁስለኛ ከማዳኑ ሌላ ለነገው ሕክምና መሠረት ነው። የደም ሕዋስን ወደ መድኀኒት ተሸካሚነት የሚለውጥ ጥበብ ሁሉ በመጀመሪያ የሚፈልገው ከጤነኛ ሰው በፈቃድ የተሰጠ ሕዋስ ነውና። ደም መስጠት ባልተለመደበት፥ መዝገቡና ማቀዝቀዣው በሌለበት አገር ያ ጥበብ ቢመጣ እንኳ ማረፊያ አያገኝም።

የኦሞ ሸለቆ ከብት አርቢ ከብቱን ሳይገድል ደሙን ሲቀዳ፥ ከብቱ እስኪያገግም ድረስ እንደ ገና አይወጋውም፤ ለሰጠው እንስሳ ሣርና ውሃ ይፈልግለታል። የሰጠን ጠብቆ ማኖር የመቀበል ሕግ መሆኑን ያውቃልና። ከሰው ደም የተማርንና የዳንን እኛም ለሰጡት ሰዎች የሚገባቸውን ለማድረስ ከእርሱ ልናንስ አይገባም።